ለቤት ስፒከር የትኛው ክሮስኦቨር ይሻላል?

የስፒከር ሳጥን ማሠራት ዛሬ ከባድ ነገር አይደለም። ሰበታ ሁኑ ለገጣፎ፣ ቱሉ ዲምቱ ሁኑ ኮዬ ፈጬ፣ ኤምዲኤፍ በልክ ቆርጦ የሚሰጥ እንጨት ቤት አታጡም። ዉፈርና ትዊተር ከመርካቶ ይመጣል። ምናለሽ ተራ ዞር ዞር ያለ ሰው ደግሞ ሳጥኑ የተጎዳ፣ ውስጡ ግን ደህና የሆነ የድሮ ስፒከር ያገኛል። ራስ ምታቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። አምፑና ሁለቱ ስፒከሮች መሀል ምን ይግባ?

እዚያ የሚገባው ክሮስኦቨር ነው። ወፍራሙን ድምፅ ለዉፈሩ፣ ቀጭኑን ለትዊተሩ ያከፋፍላል። እሱ ከሌለ ትዊተሩ ቤዝ ሲደርሰው ይቃጠላል። ዉፈሩ አይቃጠልም፤ ግን የማይችለውን ቀጭን ድምፅ ለማውጣት ሲታገል ዘፈኑን ያበላሸዋል።

አማራጩ ብዙ ነው። ተሠርቶ የሚሸጥ ሰሌዳ አለ። በካፓሲተርና በኮይል ራስ የሚሠሩት አለ። ለዉፈሩና ለትዊተሩ ለየብቻ አምፕ የሚሰጥም አለ። የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። መካከለኛ ሳሎንና አንድ ደህና አምፕ ላለው ሰው፣ በራሱ ስፒከር ልክ የተሰላ ባለ 12 ዴሲቤል (ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ወደ ታች አለ) ክሮስኦቨርን የሚያህል የለም። የማያዋጣበትም ቦታ አለ፤ እሱንም እናያለን።

መጀመሪያ ቴስተር አንሱ

ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት የዉፈሩንና የትዊተሩን ኦም ለኩ። 6 አካባቢ ካነበበ ስፒከሩ ባለ 8 ኦም ነው። 3 ተኩል አካባቢ ካነበበ ባለ 4 ነው። ቴስተር የሚያየው የሽቦውን ተቃውሞ ብቻ ስለሆነ፣ ጀርባው ላይ ከተጻፈው ዝቅ ብሎ ቢያሳይ አትደንግጡ።

ይህን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ክሮስኦቨር በአየር ላይ አይሰላም፤ ከፊቱ ባለው ኦም ነው የሚሰላው። 6.6 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ከ8 ኦም ትዊተር ጋር በሲሪየስ (በሽቦው መንገድ ላይ ተቀጥሎ) ሲገባ 3,000 ኸርዝ ላይ ይቆርጣል። ያንኑ ካፓሲተር 4 ኦም ትዊተር ላይ ብታስገቡት የሚቆርጠው 6,000 ላይ ነው። ዉፈሩ 3,000 ላይ ካቆመ፣ ከ3,000 እስከ 6,000 ያለውን በወጉ የሚጫወት የለም። ዘፋኙ የሚለው ቃል ጥርት ብሎ የሚሰማው ደግሞ በአመዛኙ እዚያ አካባቢ ነው። «ስፒከሩ ታፍኗል» እያለ ትሬብል ሲጨምር የሚውል ሰው ካያችሁ፣ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚህ ጋ ነው።

የመኪና ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ 4 ኦም ነው። የቤት ስፒከር ዉፈር ሲቃጠል የመኪና ዉፈር የሚተካ ጠጋኝ ሞልቷል። ክሮስኦቨሩን ግን እንደነበረ ይተወዋል። ያኔ 3,000 ላይ ይቆርጥ የነበረው ኮይል 1,500 ላይ መቁረጥ ይጀምራል። ጉድለቱ በሌላ በኩል መጣ ማለት ነው። ዉፈር ስታስቀይሩ ከዋጋው በፊት ኦሙን ጠይቁ።

ዝግጁው ሰሌዳ

በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠው ሰሌዳ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይገኛል፣ ሽቦው የሚገባበትም ተጽፎበታል። ላዩ ላይ የሚቆርጥበት ኸርዝና የሚችለው ዋት አለ። ዋቱን አትመኑ። የኮይሉ ሽቦ የቀጠነ ከሆነ ቁጥሩ ወሬ ነው። ኸርዙም የተሰላው ፋብሪካው ለገመተው ስፒከር ነው፤ የእናንተን አላየውም።

ስትገዙ ክፍሎቹን ቁጠሩ። ሰሌዳው ላይ ያለው አንድ ካፓሲተር ብቻ ከሆነ የገዛችሁት ካፓሲተር ነው፤ ሰሌዳው ጌጥ ነው። በትዊተር በኩል ካፓሲተርና ኮይል፣ በዉፈር በኩልም ኮይልና ካፓሲተር ካለ ባለ 12 ዴሲቤል ነው። ሁለቱም ስፒከሮቻችሁ 8 ኦም ከሆኑ፣ ሥራውም የሱቅ ወይም የግቢ ድግስ ሙዚቃ ከሆነ ይበቃል። ቁጭ ብሎ ለማዳመጥ ግን አልመርጠውም። ለኮይሉና ለተርሚናሉ ሲባል ገዝቶ የካፓሲተሩን ማይክሮ ፋራድ በራስ ስሌት መቀየርም ያስኬዳል።

6 ወይስ 12?

ዋናው ምርጫ እዚህ ነው። ክሮስኦቨር ድምፁን ድንገት አያጠፋውም፤ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። ልዩነቱ ኸርዙ በግማሽ ባነሰ ወይም በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ስንት ዴሲቤል ይወርዳል የሚለው ነው። 6 ዴሲቤል ለስላሳ ተዳፋት ነው፣ 12 ቁልቁለት ነው፣ 24 ገደል ነው።

ባለ 6 ማለት ለትዊተሩ አንድ ካፓሲተር፣ ለዉፈሩ አንድ ኮይል፣ አለቀ። ለ8 ኦምና ለ3,000 ኸርዝ 6.6 ማይክሮ ፋራድና 0.42 ሚሊ ሄንሪ ይሆናል። በወረቀት ላይ ሁለቱ ሲደመሩ ጉብታም ጎድጓዳም የላቸውም። ወዳጆቹ የሚሟገቱለት በዚህ ነው፤ እውነታቸውንም ነው። ችግሩ ትዊተሩ ጋ ነው። 3,000 ላይ ቆረጥነው ብንልም 1,500 ላይ የወረደው 7 ዴሲቤል ብቻ ነው። ብዙ ዶም ትዊተር የራሱ ሬዞናንስ፣ ማለትም በራሱ አብዝቶ የሚርገበገብበት ቦታ፣ ያለው 1,000 ኸርዝ አካባቢ ነው። እዚያ ድረስ ሲገፋ፣ ድምፅ ከፍ ባለ ቁጥር መንጫጫት ይጀምራል። ሲብስ ይቃጠላል።

ስለዚህ ባለ 6 የሚሆነው ከጎረቤት ጋር ግድግዳ ለሚጋራ፣ ሙዚቃው ከወሬ ብዙም ለማይበልጥ፣ ትዊተሩም ጠንካራ ለሆነ ሰው ነው። ለሱ ሁለት ዕቃ ገዝቶ በሰላም መስማት ይችላል።

ባለ 12 ላይ ያው 1,500 ኸርዝ 14 ዴሲቤል ይወርዳል። ትዊተሩ ይተነፍሳል። አሠራሩ ቀላል ነው። ለትዊተሩ ካፓሲተሩ በሲሪየስ ይገባል፣ ከሱ በኋላ ኮይሉ ከፖዘቲቭ ወደ ነጌቲቭ በፓራለል ይታሰራል። ለዉፈሩ ቦታ ይለዋወጣሉ። ኮይሉ በሲሪየስ፣ ካፓሲተሩ በፓራለል።

የካፓሲተሩንና የኮይሉን ልክ ስታሰሉ ሁለት የታወቁ ቀመሮች ያጋጥሟችኋል። በተርዎርዝ የሚባለው ለ8 ኦምና ለ3,000 ኸርዝ 4.7 ማይክሮ ፋራድና 0.6 ሚሊ ሄንሪ ይሰጣል። ሊንክዊትዝ ራይሊ የሚባለው 3.3 ማይክሮ ፋራድና 0.85 ሚሊ ሄንሪ ይሰጣል። የመጀመሪያው ሁለቱ ድምፆች በሚገናኙበት 3,000 ላይ 3 ዴሲቤል ጉብታ ያወጣል። ማሲንቆ ስታዳምጡ ጆሮ የሚወጋው ያ ጉብታ ነው። ሁለተኛው ለጥ ይላል። ስሙ የሂውሌት ፓካርድ መሐንዲሶች ከነበሩት ከሲግፍሪድ ሊንክዊትዝና ከረስ ራይሊ የመጣ ነው። ሊንክዊትዝ ጽሑፉን ያወጣው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው፤ እስካሁን የቤት ስፒከር ሠሪዎች የሚነሱት ከዚያ ነው። እኔም ያለ ማመንታት ሁለተኛውን እላለሁ።

በባለ 12 ላይ ትዊተሩ ተገልብጦ ይታሰራል። የክሮስኦቨሩ ፖዘቲቭ የትዊተሩ ነጌቲቭ ላይ ይገባል። በሚገናኙበት ቦታ ሁለቱ 180 ዲግሪ ስለሚለያዩ፣ ካልተገለበጠ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ተጠፋፍተው ድምፁ መሀል ላይ ይጎድላል። ጠጋኝ ቤት የምትወስዱት ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት። «ገልብጠው አስረውት ነበር፣ አስተካከልኩላችሁ» ብሎ በደግነት ሊያበላሸው ይችላል።

ደህና መሥራቱን በምን ታውቃላችሁ? እኔ በበገና ነው የምፈትነው። በገና ላይ ከእያንዳንዱ አውታር ሥር፣ ብርኩማው ላይ፣ እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ያ የሚነዝረው ድምፅ የሚመጣው ከሷ ነው። የአውታሩ መሠረታዊ ድምፅ ወፍራም ስለሆነ ከዉፈሩ ይወጣል። ንዝረቱ ግን ወደ ላይ ረጅም ይሄዳል፣ ትዊተሩም ጋ ይደርሳል። ክሮስኦቨሩ ከተስተካከለ አንድ ሰው ከፊታችሁ ተቀምጦ ሲደረድር ነው የሚሰማው። ካልተስተካከለ ታች የሚደረድር አንድ ሰው፣ ላይ የሚነዝር ሌላ ሰው ያለ ይመስላል። ትዊተሩን አንዴ ገልብጣችሁ፣ አንዴ መልሳችሁ ያንኑ ቅጂ ስሙ። ሙሉ ሆኖ የሚሰማው ትክክለኛው ነው። በሁለቱም ልዩነት ከሌለው ግን የካፓሲተሩንና የኮይሉን ስሌት እንደገና እዩት።

ሰው የሚዘላቸው ሁለት ነገሮች

ዉፈር ላይ 8 ኦም ቢጻፍበትም ኸርዙ ሲጨምር ኦሙ አብሮ ይወጣል፤ የራሱ ኮይል ነው የሚያመጣው። ያኔ በ8 ኦም ያሰላችሁት ቁጥር ሁሉ ይዛነፋል። መድኃኒቱ ዞቤል ይባላል። አንድ ሬዚስተርና አንድ ካፓሲተር በሲሪየስ ታስረው፣ ሁለቱ አንድ ላይ ከዉፈሩ ጋር በፓራለል ይገባሉ። ሬዚስተሩ ቴስተሩ ያነበበው ኦም በ1.25 ተባዝቶ ነው። ቴስተር 6 ካነበበ 7.5 ኦም ይሆናል። ካፓሲተሩን ለማግኘት የዉፈሩን ኢንዳክታንስ (የራሱ ኮይል ስንት ሄንሪ እንደሆነ) ለሬዚስተሩ ስኩዌር ማካፈል ነው። ኢንዳክታንሱ 0.8 ሚሊ ሄንሪ ከሆነ 14 ማይክሮ ፋራድ አካባቢ ይወጣል። ባለ 12 ሠርተው «ዉፈሩ አሁንም ይጮሃል» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የረሱት ይህን ነው።

ሁለተኛው የድምፅ መጠን ነው። ትዊተር በተመሳሳይ ኃይል ከዉፈር አብልጦ ይጮሃል። ዉፈሩ 87፣ ትዊተሩ 91 ዴሲቤል ከሆነ በ4 ዴሲቤል ማውረድ አለባችሁ። ለ8 ኦም ትዊተር 3 ኦም ሬዚስተር በሲሪየስ፣ 13.7 ኦም ደግሞ በፓራለል ካስገባችሁ ይወርዳል፣ ክሮስኦቨሩም 8 ኦም ማየቱን ይቀጥላል። አንድ ሬዚስተር ብቻ በሲሪየስ ብታስገቡ ድምፁ ይወርዳል፤ ግን ኦሙ ስለሚቀየር የሚቆርጥበት ቦታ ይሄዳል። ሬዚስተሮቹ 10 ዋት ይሁኑ፣ ይሞቃሉ።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ የቦታ ነገር አለ። የሳጥኑ ፊት 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው፣ ከ575 ኸርዝ ገደማ በታች ያለው ድምፅ ወደ ኋላ እየዞረ ይሄዳል። ሳጥኑ ከግድግዳ ርቆ ከቆመ ቤዙ እስከ 6 ዴሲቤል ሊጎድል ይችላል። የውጭ ሰዎች ንድፍ ብዙ ጊዜ ይህን ለማካካስ ትልቅ ኮይል ይጨምራል። እኛ ጋ ስፒከር የሚቀመጠው ቡፌው ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ፣ ጀርባው ግድግዳውን ነክቶ ነው። ግድግዳው ራሱ ቤዙን ይመልሰዋል። ያን ንድፍ እንዳለ ብትገለብጡት የኮንዶሚኒየም ሳሎን ይደነፋል፤ የላይኛው ፎቅም ይወርድላችኋል። ከማካካሻው ሙሉውን ትታችሁ 2 ወይም 3 ዴሲቤል ያህሉን ብቻ ውሰዱ።

ባለ 24 እና ለየብቻ አምፕ

ባለ 24 ዴሲቤል በካፓሲተርና በኮይል መሥራት ይቻላል። ለባለ ሁለት መንገድ ስፒከር በአንድ ሳጥን ስምንት ክፍል ይፈልጋል፤ አንዱ ቢዛነፍ ሁሉም ይዛነፋል። መለኪያ ማይክ ለሌለው ሰው አልመክርም።

ገደሉን የፈለገ ሰው ለየብቻ አምፕ ወዳለው አሠራር ይሂድ። እዚያ ድምፁ የሚከፋፈለው አምፕ ከመድረሱ በፊት ነው። ሥራውን የሚሠራው ብዙ ጊዜ ትንሽ ዲጂታል ፕሮሰሰር ነው። በኤዲኤዩ1701 ቺፕ የተሠሩ ሰሌዳዎች አሉ፣ ሚኒዲኤስፒ የሚባለውም አለ። ከዚያ ለዉፈሩ አንድ፣ ለትዊተሩ አንድ አምፕ፤ ለሁለት ሳጥን አራት ቻናል። እንደ ቲፒኤ3116 ያሉ የክላስ ዲ ሰሌዳዎች ከመጡ ወዲህ አራት ቻናል ማግኘት እንደ ድሮው አያስፈራም።

ጥቅሙ ትልቅ ነው። የስፒከሩ ኦም ቢወጣ ቢወርድ የሚቆርጥበት ቦታ አይነቃነቅም። 3,000 የነበረውን 2,500 ለማድረግ ዕቃ መፍታት የለም፤ ኮምፒውተር ላይ ቁጥር መቀየር ነው። ትዊተሩ ከዉፈሩ ቀድሞ ከደረሰ ማዘግየት ይቻላል። በድምፅ ጥራት ብቻ ብንዳኝ አሸናፊው ይህ ነው።

እኛ ሰፈር ግን መብራት አለ፤ ማለትም የለም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አምፖቹ አንድ ላይ ይነሳሉ፤ ከስፒከሩ «ዱም» የሚል ድምፅ ይወጣል። ካፓሲተር ያለው ስፒከር ላይ ያ ምት ትዊተሩ ጋ ተዳክሞ ነው የሚደርሰው። ለየብቻ አምፕ ሲሆን ትዊተሩ አምፑ ላይ በቀጥታ ስለታሰረ ምቱን ሙሉውን ይበላል። አምፑ ተበላሽቶ ዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ኤሌክትሪክ) ከለቀቀም ያው ነው። ስለዚህ ይህን የመረጠ ሰው 33 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ከትዊተሩ ጋር በሲሪየስ ያስገባ። በ8 ኦም የሚቆርጠው 600 ኸርዝ ላይ ስለሆነ ድምፁን እምብዛም አይነካም፤ ትዊተሩን ግን ያድናል። ስታቢላይዘርም ይጨመርበት። ሌላው ችግር ብልሽት ነው። ፕሮሰሰሩ ከሞተ ስፒከሩ ዝም ይላል። ባለ 12 ያለው ሳጥን ግን የትኛውም አምፕ ላይ ቢታሰር ይዘፍናል። መብራቱ ረጋ ያለበት ሰፈር የሚኖር፣ ኮምፒውተር ላይ መነካካት የሚወድ ሰው ለየብቻ አምፕ ይምረጥ። ሌላው ባለ 12 ይዞ ይቀመጥ።

ዕቃው

ከትዊተሩ ጋር በሲሪየስ የሚገባው ካፓሲተር ፊልም ይሁን፤ ፖሊፕሮፒሊን ከተገኘ እሰየው። በዉፈር በኩል በፓራለል ለሚገባው ኤሌክትሮሊቲክ ይበቃል፣ ግን ፖዘቲቭና ነጌቲቭ የሌለው ዓይነት። ከቴሌቪዥን የተነቀለ ባለ አቅጣጫ ካፓሲተር እንዳለ አታስገቡ። የግድ ከሆነ እኩል የሆኑ ሁለቱን ነጌቲቭ ለነጌቲቭ አገናኙ፤ ሁለት ባለ 10 አንድ ባለ 5 ይሆናሉ። ከምናለሽ ተራ የመጣ የድሮ ስፒከር ላይ ኤሌክትሮሊቲክ ካለ ሳትሰሙት ቀይሩት። ከእነዚህ ዓመታት በኋላ ደርቋል።

ኮይል አየር ያለበት ቢሆን ይመረጣል፤ ብረት ያለበት ድምፅ ሲበዛ ይጠግባል፣ ያዛባል። ለትልልቅ የቤዝ ኮይሎች ግን ብረቱ ሽቦ ስለሚቆጥብ ተቀባይነት አለው። ሁለት ኮይሎችን ጎን ለጎን አታስተኙ። አንዱ ከተኛ ሌላው ይቁም፣ ተራርቀውም ይቀመጡ። ካልሆነ እርስ በርስ ይነካካሉ፣ ዉፈሩ የሚሰማውን ትዊተሩ ይሰማል። ኮይሉን ለማሰር መሀሉ ላይ የብረት ብሎን አትምቱ፤ ሚሊ ሄንሪው ይቀየራል። ሙጫ ወይም የፕላስቲክ ማሰሪያ ይበቃል።

ሽቦው

ስለ ሽቦ ብዙ ይወራል፣ አብዛኛው አያስፈልግም። ሽቦው ደርሶ መልስ ያለው ተቃውሞ ከስፒከሩ ኦም ከ5 በመቶ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ለ8 ኦም 0.4 ኦም ማለት ነው። አምፑ ከስፒከሩ 5 ሜትር ቢርቅ ባለ 0.75 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ 0.23 ኦም ይሆናል። ባለ 1.5 ሽቦ 0.12፣ ባለ 2.5 ደግሞ 0.07 አካባቢ ነው። ለ8 ኦም 0.75ቱም ያልፋል፤ ለ4 ኦም ግን 1.5 ግዙ። ኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥበት ሁሉ የሚገኘው ተጣጣፊ ባለ 1.5 ሽቦ ከበቂ በላይ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ፈትሹ። ላዩ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ገበያው ላይ አለ፣ ቀለል ይላል። ጫፉን በምላጭ ፋቁት፣ ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው። ተቃውሞው ከመዳብ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ስለሆነ ወይ ወፍራሙን ግዙ ወይ ተዉት።

ጀርባው ላይ አራት ተርሚናል ያለው ስፒከር ካላችሁ፣ ከአንድ አምፕ ሁለት ሁለት ሽቦ ዘርጉ የሚል ይመጣል። ገንዘባችሁን ለካፓሲተሩ አውሉት፤ አምፑ ያው አንድ ስለሆነ የሚለወጥ ነገር እምብዛም የለም። በሁለት አምፕ ልንዳው ካላችሁ ግን ከማብራታችሁ በፊት ተርሚናሎቹን የሚያገናኙትን የነሐስ ቁራጮች አውጡ። ካልወጡ የአንዱ አምፕ መውጫ ከሌላው ጋር ይገናኛል፣ ጭስ ነው ትርፉ።

ሁለት ዉፈር ያለው ሳጥን ሲሆን ሁለት 8 ኦም በፓራለል 4 ይሆናል፣ ሁለት 4 ኦም በሲሪየስ 8 ይሆናል። ኮይሉን የምታሰሉት በዚህ በተደመረው ኦም ነው፤ አምፑም 4 ኦም እችላለሁ የሚል መሆኑን ጀርባውን አንብቡ።

ሳጥኑን ከመዝጋታችሁ በፊት የዉፈሮቹን አቅጣጫ በ1.5 ቮልት ባትሪ እዩ። የባትሪው ፖዘቲቭ ቀዩ ተርሚናል ላይ፣ ለአፍታ ብቻ። ወረቀቱ ወደ ውጭ ከወጣ ልክ ነው። ግራው ወጥቶ ቀኙ ከገባ አንዱን ገልብጡ፣ አለዚያ ቤዙ ሳሎኑ መሀል ላይ ይጠፋል። ይህን ትዊተር ላይ አትሞክሩ።